ምዕራፍ 7፦ የሚታሰረው ሊፈታ ነው

በጎልፍ ሜዳ ላይ ጉልበት የማይጠይቅ፣ አዛውንቱም ወጣቱም እኩል ሊሠሩት የሚችሉት አንድ እንቅስቃሴ አለ፤ ፑት ይባላል። ኳሷ አጭር በተከረከመው ሣር ማለትም ግሪኑ ላይ ካረፈች በኋላ፣ ፑተር በተባለው ዱላ ወደ ጉድጓዱ የምትንከባለልበት ምት ነው። 18 ጉድጓድ ባለውና መደበኛ ውጤቱ 72 በሆነ ሜዳ ላይ ለፑት የታሰበው 36 ምት ነው፤ የጨዋታው ግማሽ መሆኑ ነው።

ጉልበት ስለማይጠይቅ ቀላል ይመስላል። ቀላል ስለሚመስልም ሲሳት ያበሳጫል። የተበሳጨ ሰው ደግሞ መሣሪያ ይገዛል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰሌዳ፣ ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዝ ቀበቶ፣ ሲሳሳቱ የሚጮህ ሴንሰር በየሱቁ ሞልቷል። እነዚህ መሣሪያዎች ይሠራሉ ወይ? ይሠራሉ። ግን አብዛኛው ሰው በማይጠቀምባቸው መንገድ ነው የሚሠሩት። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ መንገድ ነው።

አንድ ዲግሪ ስንት ያስከፍላል?

የጎልፍ ጉድጓድ ስፋት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 108 ሚሊ ሜትር። ኳሷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ አይፈቀድላትም። ጉድጓዱ የኳሷን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰፋልና ለዓይን ሰፊ ነው። አሁን ከ3 ሜትር ላይ ይቁሙ። የፑተሩ ፊት ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ከዒላማው 1 ዲግሪ ዘወር ካለና ኳሷም ፊቱን ተከትላ ከሄደች፣ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ከመሃሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃለች። ጠርዙ ላይ ናት፤ ልትገባም ልትቀርም ትችላለች። ስህተቱ 2 ዲግሪ ከሆነ ግን በጎን አልፋ ትሄዳለች።

ያው የ2 ዲግሪ ስህተት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያርቃት 3.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ኳሷ ትገባለች። ከቅርብ ሆኖ የሚለማመድ ሰው ስህተቱን እየደጋገመ ትክክል የሠራ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት ግን የባለሙያዎቹን ልክ ይወቁ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ የአሜሪካውን የፒጂኤ ቱር የምት መረጃ ተንትነው ያገኙትን በ2014 (ሁሉም ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመጽሐፍ አሳትመዋል። በእርሳቸው ስሌት የዓለም ምርጦች ከ8 ጫማ፣ ማለትም ከ2.4 ሜትር ገደማ፣ የሚያስገቡት ከሁለት አንዱን ነው። ከ10 ጫማ ሲሆን ከአሥሩ አራቱን። ምርጦቹን ከሌሎቹ ከሚለየው ብልጫ ውስጥም የፑት ድርሻ 15 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል፤ የቀረው ከግሪኑ ውጭ ከሚመቱት ምቶች የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከ2.4 ሜትር መሳት በሽታ አይደለም፤ አንድ ማሰሪያም አዲስ ተጫዋች አያደርግዎትም። የሚያስተካክለው አንድን ስህተት ነው። ያ ስህተት መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ደግሞ የእርስዎ ሥራ ነው።

የትኛው ማሰሪያ ለየትኛው ስህተት?

ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው የፑተሩ ፊት ነው፤ ዱላው የመጣበት መንገድ ድርሻው አነስተኛ ነው። ፊቱን ከሚያዞሩት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ የእጅ አንጓ ነው።

ቀኝ እጅ ተጫዋችን እንውሰድ። ጥሩ ፑት ከትከሻ ይነሳል፤ ክንድ፣ እጅና ዱላ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ተጫዋቹ ሲጠራጠር ግን ኳሷን በእጁ ሊያግዛት ይሞክራል። ያን ጊዜ የግራ እጁ ጀርባ ወደ ክንዱ ይታጠፋል፤ የፑተሩ ራስ እጁን ቀድሞ ያልፋል። የፑተር ፊት በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። አንጓ ሲታጠፍ ይህ ማጋደል ይጨምራል፤ ኳሷ ወዲያው ከመንከባለል ይልቅ ትዘላለች፤ አቅጣጫዋም ርቀቷም ይዛባል።

የአንጓ ሰሌዳ የተሠራው ለዚህ ነው። ከእጅ ጀርባ እስከ ክንድ የሚደርስ ጠንካራ ፕላስቲክ በማጣበቂያ ጨርቅ ይታሰራል፤ አንጓው ሊታጠፍ ሲል ሰሌዳው ይከለክለዋል።

የክንድ ቀበቶ ሌላ ስህተት ነው የሚይዘው። ክርኖቹ ወደ ውጭ የሚበተኑበት፣ ክንዶቹ ከደረቱ ተለይተው ለየብቻ የሚሄዱበት ተጫዋች ያስፈልገዋል። ተለጣጩ ቀበቶ ሁለቱን ክንዶች ያያይዝና ትከሻው እንዲመራ ያስገድዳል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ፎጣ በደረትዎ ላይ አግድመው ጫፎቹን በሁለቱ ብብቶችዎ ይያዙና ይምቱ። ፎጣው ከወደቀ ክንድዎ ተለይቷል። ብዙ አሠልጣኞች የሚያዙት ልምምድ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሴንሰር ነው። ላትቪያ ውስጥ እንደሚሠራው ሃክሞሽን ያሉት አንጓ ላይ ታስረው የመታጠፊያውን መጠን በዲግሪ ይለካሉ፤ ከተፈቀደው ልክ ሲያልፉም በድምፅ ያስጠነቅቃሉ። አይከለክሉም፤ ይናገራሉ። ይህ ልዩነት ቀጥሎ እንደምናየው ትልቅ ነው።

የትኛውም ማሰሪያ የሣሩን ተዳፋት አያነብም፤ ኳሷን በምን ፍጥነት መስደድ እንዳለብዎትም አይነግርዎትም። ስህተትዎ አቅጣጫው ትክክል ሆኖ ርቀቱ የሚያጥር ወይም የሚያልፍ ከሆነ፣ አንጓዎን ማሰር ያልታመመውን እጅ ማከም ነው።

የሚያስተምረውና የሚያሰንፈው

ወጌሻ የተሰበረ እጅ ሲያስር የሚፈታበትን ቀን አብሮ ያስባል። ያለጊዜው ከተፈታ አጥንቱ ይዛነፋል፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ አጥንቱ ቢገጥምም ጡንቻው ይሰልላል። የጎልፍ ማሰሪያ የሚገዛ ሰው ግን ስለ መታሰሩ እንጂ ስለ መፈታቱ አያስብም።

የእንቅስቃሴ ትምህርትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ መርምረውታል። አለን ሳልሞኒ፣ ሪቻርድ ሽሚት እና ቻርልስ ዋልተር በ1984 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ ለተማሪው በየምቱ የሚሰጥ መረጃ በልምምዱ ሰዓት ውጤቱን እንደሚያሻሽል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን ጥገኛ እንደሚያደርገው አስረዱ። ተማሪው ከራሱ አካል የሚመጣውን ስሜት መስማት ይተውና የውጭውን ድምፅ ይጠብቃል። ካሮሊ ዋይንስታይን እና ሽሚት በ1990 ይህን ፈተኑት። አንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ውጤቱ ተነገረው፤ ሌላው በግማሹ ብቻ። ቆይተው ያለ ምንም መረጃ ሲፈተኑ የበለጠው በግማሹ ብቻ የተነገረው ቡድን ነበር።

ይህን ወደ ማሰሪያው እናምጣው። አንድን ሰሌዳ ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሊያስሩት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሰው ይደገፍበታል። አጥብቆ ያስርና እንደ ልማዱ አንጓውን ይገፋል፤ ሰሌዳው ይከለክለዋል፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጡንቻው በየምቱ የተለማመደው መግፋትን ነው። ማሰሪያው ሲወልቅ የሚገፋው ነገር ይጠፋና አንጓው ከበፊቱ ብሶ ይታጠፋል።

ሁለተኛው ሰው ይሸሸዋል። ላላ አድርጎ ያስራል፤ ሰሌዳው የእጁን ጀርባ ሲጫነው ይሰማዋል፤ ያ ጫና “እዚህ ጋ ነው የምትታጠፈው” የሚል መልእክት መሆኑን ያውቃል። ቀጣዩን ምት የሚመታው ጫናው እንዳይሰማው ነው። ለእርሱ ጥሩ ምት ማለት ሰሌዳው ዝም ያለበት ምት ነው፤ ኳሷ መግባቷ ሁለተኛ ነገር ነው።

ሁለቱም መሣሪያውን ታጥቀዋል፤ የተማረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሴንሰሩም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በየምቱ ጩኸቱን የሚጠብቅ ሰው ጆሮውን እንጂ እጁን አላሠለጠነም።

ሕጉም ያስፈታዎታል

ጎልፍ ራሱ ይህን መፍታት ግዴታ አድርጎታል። የጎልፍ ደንብ አውጪ በሆኑት በአር ኤንድ ኤ እና በዩኤስጂኤ የጋራ ደንብ፣ ሕግ 4.3 መሠረት በውድድር ዙር ውስጥ ምትን የሚያግዝ የልምምድ መሣሪያ ታጥቆ መምታት ክልክል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰ ሰው ምት በሚቆጠርበት ውድድር ሁለት ምት ይቀጣል፤ ከደገመው ይሰናበታል። ለሕክምና የሚታሰር ነገር ግን ከሌሎች የበለጠ ጥቅም እስካልሰጠ ድረስ ሊፈቀድ ይችላል።

የደንብ አውጪዎቹ ጥብቅነት በመሣሪያ ብቻ አያበቃም። ኪገን ብራድሊ በ2011 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን ያሸነፈው የፑተሩን እጀታ ሆዱ ላይ አስደግፎ ነበር፤ አዳም ስኮት በ2013 ማስተርስን ሲያሸንፍ ረጅም ፑተር ደረቱ ላይ ተክሎ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ግን ዱላን ሰውነት ላይ ተክሎ መምታት ተከለከለ። ምቱ ነጻ ሆኖ መወዛወዝ አለበት ተባለ።

የተፈቀደ መንገድ ግን አለ። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ዪፕስ በሚባለው፣ በፑት ቅጽበት እጅን ያለ ፈቃድ በሚያስደነግጥ ችግር ክፉኛ ተሠቃይቷል። መፍትሔ ሲፈልግ የፑተሩን እጀታ በቀኝ እጁ ከግራ ክንዱ ጋር አጣብቆ መያዝ ጀመረ፤ የገዛ እጁን ማሰሪያ አደረገው ማለት ይቻላል። በ1985 ያሸነፈውን ማስተርስ በ1993 ደገመው። ማሰሪያ ሜዳው በር ላይ ይቀራል፤ አያያዝ ግን አብሮ ይገባል። እጅዎ ያለ ፈቃድዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚደነግጥ ከሆነ ማሰሪያ ከመግዛት ይልቅ ከአሠልጣኝ ጋር ሆነው አያያዝ ይለውጡ፤ ችግሩ ከጎልፍ ውጭም ከታየ ሐኪም ያማክሩ።

የአራት ሳምንት ልምምድ

ይህን ለመሥራት ሜዳ አያስፈልግም። 2 ሜትር የሚሆን ደልዳላ ምንጣፍና ለዒላማ የሚሆን ብርጭቆ ይበቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ማሰሪያ አይጠቀሙ። ስልክዎን ከፊት ለፊትዎ አቁመው በዝግታ ቀረጻ ይቅረጹ። ኳሷ ከተመታች በኋላ የግራ እጅዎ ጀርባ ከክንድዎ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆያል ወይስ ይታጠፋል? በየቀኑ 20 ኳስ ይምቱ፤ ስንት እንደገባና የሳቱት ወዴት እንደሄዱ ይጻፉ። አንጓው ካልታጠፈ ሰሌዳውን አይግዙ።

በሁለተኛው ሳምንት 5 ኳስ ታስረው፣ 5 ሳይታሰሩ ይምቱ፤ ይህን ይደጋግሙ። ማሰሪያው ላላ ይበል። ታስረው ሲመቱ የሚቆጥሩት የገባውን ሳይሆን ሰሌዳው ያልተጫነዎትን ምት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት 2 ታስረው፣ 8 ሳይታሰሩ። ርቀቱንም በየምቱ ይለዋውጡ። ጆን ሺ እና ሮቢን ሞርጋን በ1979 ባደረጉት ጥናት አንድን ዓይነት እንቅስቃሴ በተከታታይ የደገሙት በልምምዱ ጊዜ የተሻሉ መስለው ነበር፤ ቆይተው ሲፈተኑ ግን የበለጡት እያቀላቀሉ የተለማመዱት ናቸው። ልምምዱ ከበድ ካለዎት እየተማሩ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ማሰሪያው ከቦርሳ አይወጣም። ከፑተሩ ራስ ትንሽ ብቻ የሚሰፋ በር ያብጁ፤ ሜዳ ላይ ሁለት ቲ (የኳስ ማስቀመጫ ችካል) ይትከሉ፣ ቤት ውስጥ ሁለት የክብሪት ቀፎ ያቁሙ። ጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ የሚታወቅበት ልምምድ ነው። ሐሳብዎን ከአንጓዎ አውጥተው በሩ ላይ ያድርጉ። ተመራማሪዋ ጋብሪዬሌ ቩልፍና ባልደረቦቿ በ1999 በጎልፍ ጀማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በእጃቸው እንቅስቃሴ ላይ ካተኮሩት ይልቅ በዱላው እንቅስቃሴ ላይ ያተኮሩት በትክክለኛነት በልጠዋል።

አንድ ሕግ አራቱንም ሳምንት ይገዛል፦ በየቀኑ ማሰሪያውን ከመንካትዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን 10 ኳሶች ሳይታሰሩ ይምቱና ውጤቱን ይጻፉ። ትናንት የተማሩት ዛሬ መኖሩን የሚያሳየው ይህ ቁጥር ብቻ ነው፤ ታስረው ያገኙት ውጤት ደብተር ላይ አይገባም።

በመጨረሻ ደብተሩን ይክፈቱ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ካደገ ማሰሪያው ሥራውን ጨርሷል፤ ስህተቱ በቀረጻ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ ያስቀምጡት። ታስረው ጥሩ፣ ተፈተው እንደ ድሮዎ ከሆኑ እየተደገፉበት ነውና አላልተው ከሁለተኛው ሳምንት ይጀምሩ። በሁለቱም ካልተለወጠ ስህተቱ አንጓዎ ላይ አልነበረም፤ የቀረጹትን ይዘው ወደ አሠልጣኝ ይሂዱ፤ ሌላ መሣሪያ ግን አይግዙ።