ወጥመዱ የሚቆጥረው ምንድን ነው?
በተፈጥሮ ደንና በተተከለ ደን ያሉ ነፍሳትን ስለ ማነጻጸር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ሁለት ዓይነት ደኖችን ጎን ለጎን ያሳያል። አንደኛው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ተቀላቅለው የሚበቅሉበት ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ነው። ሁለተኛው ለጣውላና ለምሰሶ የተተከለ፣ ዛፎቹ በዓይነትም በዕድሜም ተመሳሳይ የሆኑ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ደን ነው። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ለነፍሳትስ (ለሦስት አፅቄዎች) እኩል መኖሪያ ይሆናሉን? ጥያቄው የሥነ ሕይወት ቢሆንም መልሱ የሚገኘው በልኬት ነውና የፊዚክስ ተማሪዎችንም ይመለከታል።

የተያዙት ስንት ናቸው?

በመሬት ላይ የሚሄዱ ነፍሳትን ለመያዝ የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ኩባያ አፉ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይቀበርና ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ሲታከልበት የውኃው የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ፣ ትንንሾቹ ነፍሳት በውኃው ላይ መቆም ተስኗቸው ይሰምጣሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ በቅርቡ ተቆርጦ በሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ውስጥ 120፣ በጽዱ ደን ውስጥ ደግሞ 60 ጉንዳኖች ተያዙ እንበል። የባሕር ዛፉ ጉንዳኖች በእጥፍ ይበልጣሉ ማለት ነውን? አይደለም። በአንድ ቀዳዳ በኩል በሰከንድ የሚያልፉ የጋዝ ሞለኪዩሎች ቁጥር የሚወሰነው በብዛታቸው ብቻ ሳይሆን በፍጥነታቸውም ጭምር ነው። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት በአብዛኛው አካባቢያቸውን ስለሚከተል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ሞቃት መሬት ላይ ፈጥነው ይሮጣሉ። ስለዚህ ብዛታቸው እኩል ሆኖ ፍጥነታቸው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚያዙት በእጥፍ ይጨምራሉ። ወጥመዱ የሚቆጥረው ነዋሪውን ሳይሆን መንገደኛውን ነው።

ዝርያዎቹስ እንዴት ተከፋፈሉ?

በሁለት ቦታዎች 100፣ 100 ነፍሳት፣ በሁለቱም 4፣ 4 ዝርያዎች ተገኙ እንበል። በአንደኛው እያንዳንዱ ዝርያ 25 ነው፤ በሌላው አንዱ ዝርያ 97፣ የቀሩት ሦስቱ አንዳንድ ብቻ ናቸው። የዝርያዎቹ ቁጥር እኩል ቢሆንም ማኅበረሰቦቹ እጅግ ይለያያሉ።

ይህን ልዩነት ለመለካት አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ መልእክት ማስተላለፍ ባወጣው ጥናት የተጠቀመበት ቀመር ያገለግላል። ቀመሩ በቅርጹ ከቦልትዝማን ኢንትሮፒ ጋር የሚዛመድ ነው። የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በዚያው ድርሻ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አባዝተን፣ ውጤቶቹን ደምረን፣ የድምሩን ምልክት እንለውጣለን። ለመጀመሪያው ቦታ 1.39፣ ለሁለተኛው 0.17 ይመጣል። ከሎጋሪዝም ወደ ተራ ቁጥር ስንመልሳቸው የመጀመሪያው ቦታ 4፣ ሁለተኛው ግን 1.2 ያህል ዝርያ እንዳለው ይቆጠራል።

እነማን ናቸው?

ይህም ቀመር ቢሆን ስም አያውቅም። የጥንታዊ ደን ነዋሪዎች ጠፍተው በየሜዳው የሚገኙ ዝርያዎች ቢተኳቸው ውጤቱ ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ የስም ዝርዝሮቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል። የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ዣካር ያቀረበው ዘዴ የጋራ ዝርያዎችን ቁጥር ለጠቅላላው የዝርያ ቁጥር ያካፍላል። በሁለቱ ደኖች በየበኩላቸው 10 ዝርያዎች ኖረው የጋራዎቹ 2 ቢሆኑ፣ ጠቅላላው 18፣ ተመሳሳይነቱም 0.11 ብቻ ይሆናል።

የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። በተፈጥሮ ደን ውስጥ የበሰበሰ ግንድ፣ ወፍራም የቅጠል ርጋፊ፣ ጥላና እርጥበት፣ ልዩ ልዩ ምግብም አለ። በበሰበሰ እንጨት ውስጥ የሚያድግ ጢንዚዛ፣ ዛፉ ሳያረጅ በሚቆረጥበት ቦታ ቤት የለውም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት ለብዙዎቹ አገር በቀል ነፍሳት ምግብ አይሆንም።

በአንጻሩ ከዛፉ የትውልድ አገር ከአውስትራሊያ የመጣ ነፍሳት ሲደርስ የተዘረጋ ማዕድ ያገኛል። ሌፕቶሳይቢ ኢንቬዛ የምትባለው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ተርብ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ እብጠት እያበጀች በብዙ አገሮች ተስፋፍታለች፤ ወደ ኢትዮጵያም ገብታለች።

ይህ ሁሉ የተተከለ ደን ከንቱ ነው አያሰኝም። ማገዶና ምሰሶ እየሰጠ በተፈጥሮ ደን ላይ የሚደርሰውን ጫና ያቀልላል፤ ተስማሚ ሁኔታ ሲያገኝም በጥላው ሥር አገር በቀል ችግኞች ይበቅላሉ። ነገር ግን የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ በምትኩ ዛፍ ስለ ተተከለ የጠፋው ተመልሷል ማለት አይቻልም። የዛፎችን ቁጥር እንደ ማካካሻ የሚያቀርብ ዘገባ ስናነብ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንጠይቅ፦ ስንት ናቸው? እንዴት ተከፋፈሉ? እነማን ናቸው?