ቀለም በሙቀት፦ ለመፋዛ የሚሆን ትንሽ ማተሚያ እንዴት ይነደፋል?

መፋዛ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ወንዙ ከእኛ ደጋ ሲወርድ ሽንፋ የምንለው ነው። በአካባቢው ሰፋፊ እርሻዎች ሰሊጥና ማሽላ ይመረታል፤ ለአረምና ለአጨዳ ከመተማ እየተሻገሩ የሚገቡ የኢትዮጵያ የቀን ሠራተኞችም ብዙ ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚሁ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ኖረዋል። በእንዲህ ያለ የድንበር አገር ጉርድ ፎቶ የማያስፈልገው ሰው የለም፤ ለመታወቂያ፣ ለፈቃድ፣ ለማመልከቻ ይጠየቃል። እንግዲህ አንድ ፎቶ አንሺ በቦርሳው ይዞት የሚዞር፣ በባትሪ የሚሠራ የቀለም ማተሚያ እንሥራለት ብንል ውስጡ ምን መሆን አለበት?

መጀመሪያ የማይሆኑትን እናስወግድ። ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ጥሩ ፎቶ ያወጣል፤ ነገር ግን ቀለሙ ፈሳሽ ስለሆነ በደረቅና ሞቃት አየር ጥቂት ቀን ሳይሠራበት ከቆየ ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሌዘሩ ደግሞ ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ስለሆነ ሲሠራ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይፈልጋል፤ የቦርሳ ባትሪ አይችለውም። የሚቀረው በሙቀት ብቻ የሚያትመው ቴርማል ነው። ፈሳሽም ዱቄትም የለውም፤ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹም ጥቂት ናቸው። በየሱቁ ደረሰኝ የሚቆርጠው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከዚሁ ወገን ነው፤ እሱ ግን የሚያውቀው አንድ ቀለም ብቻ ነው።

የአንድ ረድፍ ሬዚስተር ሥራ

ዋናው ክፍል ሄድ የሚባለው ነው። በሴራሚክ ላይ እጅግ ጥቃቅን ሬዚስተሮች በአንድ ረድፍ ተደርድረውበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ይግላሉ፤ ሲቋረጥ ይበርዳሉ። በኢንች 300 ነጥብ በሚባለው የተለመደ ጥራት በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 12 ያህሉ ይሰለፋሉ። 100 በ148 ሚሊሜትር የሆነውን የፖስታ ካርድ ልክ ወረቀት ለመሸፈን 1180 ገደማ ያስፈልጋሉ። ሄዱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ወረቀቱን ከሄዱ ጋር አጣብቆ የያዘው የጎማ ሮለር ነው። ወረቀቱ አንድ ነጥብ ያህል በተራመደ ቁጥር አንድ መስመር ይታተማል፤ ገጹ እስኪያልቅ 1750 ያህል መስመር ይሆናል።

ፈዛዛውን ከደማቁ የሚለየው ምንድን ነው? በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ሙቀት የሚሰላው ቮልቴጁን በራሱ አባዝቶ፣ ለሬዚስተሩ መጠን አካፍሎ፣ በቆይታው ጊዜ በማባዛት ነው። ሬዚስተሩ ከፋብሪካ የወጣበት መጠን አለው፤ ቮልቴጁን ባትሪው ይወስነዋል። በንድፍ አውጪው እጅ የሚቀረው ጊዜው ነው። ሬዚስተሩ ለአጭር ጊዜ ሲግል ፈዘዝ ያለ፣ ጥቂት ሲቆይ ደመቅ ያለ ነጥብ ይወጣል። የምንነጋገረውም ስለ ሚሊሴኮንዶች ነው፤ ስለዚህ ጥቃቅን ስሕተት ሁሉ በፊት ገጽታ ላይ ይታያል።

ቀለም የማውጫ ሦስት መንገዶች

የኅትመት ቀለማት መሠረት ሦስት ናቸው፦ ቢጫ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ማጀንታና አረንጓዴ የነካው ሰማያዊ ሳያን። ቢጫው ከነጭ ብርሃን ሰማያዊውን፣ ማጀንታው አረንጓዴውን፣ ሳያኑ ቀዩን ያስቀራል። ሦስቱን በተለያየ መጠን ስንደራርብ የቆዳም የጨርቅም ቀለም ይገኛል። ሬዚስተሩ ግን ከመጋል በቀር ቀለም መምረጥ አይችልም። ታዲያ ሦስት ቀለም እንዴት ይታዘዝለታል?

የመጀመሪያው መንገድ ቀለሙን በሪበን ማቅረብ ነው። 6 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ፊልም ላይ ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን በየተራ፣ እያንዳንዳቸው የወረቀቱን ልክ ያህል ተቀብተዋል። ሄዱ ከፊልሙ ጀርባ ሲያሞቅ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ልባስ ይሠርጋል። ወረቀቱ ለአንዱ ቀለም አልፎ ይመለሳል፤ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው እንዲሁ። በአራተኛው ዙር ቀለም የሌለው መሸፈኛ ይለጠፍበታል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቀው፣ የኢንጂነር ኖቡቶሺ ኪሃራ ሥራ የሆነው ማቪግራፍ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር። ዛሬ ፎቶ ቤቶች የሚያውቁት የካነን ሴልፊ እና የፕላስቲክ መታወቂያ ካርድ የሚያትሙት ማሽኖችም ሥራቸው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የካርዶቹ ሪበን ለጽሑፍ የሚሆን ጥቁር ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ላይ ያዋለው ነው። ሦስቱም ቀለሞች በወረቀቱ ውስጥ ተደራርበዋል። ዝቅተኛ ሙቀት ቢጫውን ያወጣል፤ ከዚያ የቀረው ቢጫ እንዳይነቃ በልዩ ብርሃን ይዘጋል። ከፍ ያለ ሙቀት ማጀንታውን ያወጣል፤ እሱም በሌላ ብርሃን ይዘጋል። በመጨረሻ ከሁሉም የበረታው ሙቀት ሳያኑን ያወጣል። ሪበን አያስፈልግም፤ ግን ሁለት ዓይነት መብራት በሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት።

ሦስተኛው ዚንክ ነው። ከፖላሮይድ ምርምር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው ዚንክ ኢሜጂንግ የሠራው ወረቀት ሲሆን፣ በ2008 ፖላሮይድ ፖጎ በተባለችው የኪስ ማተሚያ ለብዙ ሰው ደረሰ። እዚህም ሦስቱ ቀለሞች ወረቀቱ ውስጥ ናቸው፤ የሚለዩት ግን በሙቀትና በጊዜ ነው። ላይኛው ቢጫ 200 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ መካከለኛው ማጀንታ 150፣ ታችኛው ሳያን 100 ገደማ። ብርቱና ፈጣን ሙቀት ላይኛውን ነክቶ ወደ ታች ሳይወርድ ይቋረጣል፤ ለስላሳና የቆየ ሙቀት ቢጫውን ሳያነቃ እስከ ታች ይዘልቃል። ስለዚህ ሦስቱም ቀለሞች በአንድ ማለፍ ይታተማሉ።

በትንሽነት ከተፈረደ ዚንክ ያሸንፋል፤ ሪበን የለው፣ የወረቀት ምልልስ የለው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። መፋዛ ስንደርስ ግን ፍርዱ ይለወጣል።

የአገሩ ሙቀት ሲጨመር

በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ማሽን ከዚያም በላይ ይሞቃል። ቀለል ባለ ሒሳብ እንየው። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያለ የዚንክ ወረቀት ሳያኑ እንዲነቃ 75 ዲግሪ መጨመር አለበት፤ ቢጫው እንዲነቃ 175። ወረቀቱ አስቀድሞ 45 ዲግሪ ከሆነ ለሳያኑ 55፣ ለቢጫው 155 ይበቃል። የሳያኑ ፍላጎት 27 በመቶ ሲቀንስ የቢጫው የቀነሰው 11 በመቶ ብቻ ነው። ማሽኑ ይህን ሳያውቅ በክፍል ሙቀት የተሰላለትን ጊዜ ከሰጠ ሳያኑ ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛል፤ ፎቶውም ከመጥቆሩ ሌላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጠይም ፊት አመድማ ሆኖ ይወጣል። በሪበኑ መንገድ ግን ሦስቱም ቀለሞች ለሙቀት ያላቸው ጠባይ ተቀራራቢ ስለሆነ ስሕተቱ በአብዛኛው የመጥቆር ነው፤ መጥቆርን ደግሞ ማረም ይቀላል።

ሁለተኛው ችግር ሄዱ ራሱ ሙቀት ማጠራቀሙ ነው። እንጀራ የጋገረች ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ምጣዱ ገና ሲሟሽና አሥረኛው እንጀራ ሲወጣ እሳቱ አንድ ቢሆንም አበሳሰሉ አንድ አይደለም። ሄዱም የመጀመሪያውን ፎቶ በቀዝቃዛ ሴራሚክ፣ አሥረኛውን በሞቀ ሴራሚክ ያትማል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሄዱ ጀርባ ቴርሚስተር ተለጥፎ የሙቀቱን ልክ በየመስመሩ እንዲነግር ማድረግ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ነጥብ ከአፍታ በፊት ምን ያህል እንደጋለ አስታውሶ የሚቀጥለውን ጊዜ እንዲቀንስ ማድረግ። ይህ ሁለተኛው ከሌለ ከጥቁር ፀጉር ወደ ግንባር በሚሻገርበት መስመር ላይ ጥላ ይጎተታል።

ሙቀቱ መውጫም ይፈልጋል። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ሙቀቱ የሚበተንበት ገጽ ያንሳል። ስለዚህ ከሄዱ ጀርባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ መኖር አለበት። ሰሌዳው ክብደት ይጨምራል፤ ነገር ግን ለመፋዛ ከሚነደፍ ማሽን ላይ ክብደት ሲቀነስ መጨረሻ የሚነካው እሱ ነው።

ባትሪውና አቧራው

ሁለት የሊቲየም ሴል በተከታታይ ሲቀጠሉ ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሊያልቁ ሲቃረቡ 6.6 ገደማ ይወርዳሉ። ሙቀቱ የሚሰላው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ 6.6 ቮልት የሚሰጠው የሙሉውን 62 በመቶ ብቻ ነው። ማሽኑ ቮልቴጁን እየለካ ጊዜውን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካላራዘመ ማታ ላይ የሚታተመው ፎቶ የነጣ ይሆናል። ሌላም አለ፦ አንዱ ነጥብ 0.1 ዋት ይወስዳል ብንል 1180ዎቹ በአንድ ጊዜ ሲግሉ 118 ዋት ይጠይቃሉ። ለትንሽ ባትሪ ይህ ብዙ ነው። ረድፉን ለአራት ከፍሎ በየተራ ማጋል ጭነቱን ወደ 30 ዋት ያወርዳል፤ ዋጋው የኅትመቱ መዘግየት ነው።

የአካባቢው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ይደቅቃል፣ በየቀዳዳው ይገባል። በሄዱና በወረቀቱ መካከል የገባች አንዲት ጠጣር ቅንጣት ሬዚስተር ብትቧጭር ከዚያ በኋላ በሚታተመው ሁሉ ላይ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። የሚጠገን አይደለም፤ ሄዱ ይለወጣል። የሪበን ማሽኖች ደካማ ጎን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ ሳጥናቸው እንዲያጥር ሲባል ወረቀቱን በየዙሩ ከኋላ ወደ ውጭ አውጥተው መልሰው ያስገቡታል። ይህ ማለት አንድ ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ አቧራ ይነካል ማለት ነው። ለመፋዛ የሚሆነው ማሽን የወረቀቱን መመላለሻ ጭምር በክዳን ውስጥ መያዝ አለበት፤ በርዝመት ቢጨምርም። ወረቀቱን የሚመልሰው ሮለርም ጥቃቅን ሾህ ያለበት ብረት ሊሆን ይገባል። ቀለሞቹ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፉ ከአንድ ነጥብ በላይ ነው፤ የዓይን ጠርዝ ላይ ቀለም ይጥላል።

ፎቶው ከታተመ በኋላ

ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ዓመታት መቆየት አለበት። የደረሰኝ ወረቀት መኪና ውስጥ ተረስቶ ሲጠቁር ወይም ሲጠፋ ያየ ሰው ምክንያቱን ይገምታል፤ ቀለም የሚሆነው ኬሚካል ከታተመም በኋላ እዚያው ወረቀት ውስጥ ስለሚቀር ነው። በዚንክም ያልነቃው ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ሳያኑን የሚያነቃው ለስላሳና የቆየ ሙቀት መሆኑን ካስታወስን፣ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ በቆመ ፒካፕ ጋቢና ማኖር አይመከርም። በሪበኑ መንገድ ግን ያልተፈለገው ቀለም ከሪበኑ ጋር ይሄዳል፤ በወረቀቱ ላይ የቀረውን ደግሞ መሸፈኛው ከላብና ከጣት ይጠብቀዋል።

ሪበኑ ሁለት ዕዳ አለበት። አንዱ ብክነት ነው፤ አንዲት ጉርድ ፎቶ ብትታተምም ሙሉ ገጽ ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን ይጠቀለላል። በፖስታ ካርዱ ወረቀት ላይ ግን ባለ 3 በ4 ሴንቲሜትር ጉርድ ፎቶ 9 ይገባል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የተለያዩ ደንበኞችን ፎቶ በአንድ ወረቀት ማሰባሰብ መቻል አለበት። ሌላው ዕዳ ከባድ ነው፤ በተጠቀለለው ሪበን ላይ ቀለም በወጣበት ልክ የሰውየው ፊት ተቀርጾ ይቀራል። ብርሃን ላይ ቢይዙት ይታወቃል። ማንነቱ እንዳይገለጥ የሚፈራ ስደተኛ ባለበት አገር ያለቀ ሪበን እንዲሁ አይጣልም፤ ይቆራረጣል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ለማስታወሻ ፎቶ፣ ለልጆች ደስታ፣ የኪሱ ዚንክ ይበቃል። ለመታወቂያ ግን በመፋዛ የሚያዋጣው መሸፈኛ የሚለጥፈው የሪበን ማሽን ነው፤ አሉሚኒየሙ፣ ቴርሚስተሩና የወረቀቱ ክዳን ተጨምረውበት ከኪስ ወደ ቦርሳ ልክ ቢያድግም። ሊገዛ የመጣ ሰው ሻጩን ብዙ ሳይጠይቅ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። በቀትር አንድ ወጥ ግራጫ ገጽ ያለ ዕረፍት አሥር ጊዜ ያትም፤ አንደኛውና አሥረኛው ከተለያዩ ማሽኑ ሙቀቱን አይከታተልም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ያንኑ ይድገም፤ ከነጣ ቮልቴጁን አይለካም። ጥቁር ፀጉርና ቀላ ያለ ግንባር ያለው ፎቶ ያውጣ፤ በድንበሩ ላይ ጥላ ከተጎተተ ፕሮግራሙ ያለፈውን አያስታውስም። በመጨረሻም ግራጫውን ገጽ በፀሐይ ያገላብጠው፤ ቀጭን ነጭ መስመር ካየ ገንዘቡን አያውጣ፤ ያ ሄድ ቀድሞ ተበላሽቷል።