ተሰብሮ ቤት መዋልና የእጅ ሥራ ጥቅም

በዚህ መጽሔት ስለ ትላልቅ አሳቦች የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግን ትንሽ መስሎ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ተማሪ አጥንቱ ተሰብሮ ከትምህርቱ ሲለይና ወላጆቹ ቤት ሲተኛ ቀኑን በምን አኳኋን ማሳለፍ እንደሚገባው ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣነው በንባብ ብቻ ተደግፈን አይደለም። ባለፈው ዓመት በኳስ ጨዋታ ላይ የግራ እግራችን የቅልጥም አጥንት ተሰብሮ አራት ወር ያህል ቤት ውለናል፤ በዚህም ምክንያት አንድ የትምህርት መንፈቅ አምልጦናል። ከዚያ የተማርነውን በሦስት ክፍል ከፍለን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ፤ አጥንት የሚጠገንበት መንገድ

ብዙ ሰው ጀሶ አጥንትን የሚያድን መድኃኒት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። የጀሶ ሥራ የተሰበረውን አጥንት በተስተካከለበት ቦታ አጽንቶ መያዝ ብቻ ነው፤ የሚጠግነው ራሱ ሰውነታችን ነው። በመጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል። ቀጥሎም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል። በዚህ ማያያዣ ላይ ካልሲየም እየተከማቸ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ወራትና ዓመታት በሚወስድ ሥራ አጥንቱ የቀድሞ መልኩን እየያዘ ይሄዳል። ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው ላይ የቅልጥም አጥንት ለመጠገን ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲጋራ ማጨስ ይህን ሥራ ያዘገየዋል።

ጀሶ የተነሰነሰበትን ጨርቅ በውኃ አርሶ በተሰበረ እግር ላይ የመጠቅለልን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው አንቶኒየስ ማታይሰን የተባለ የኔዘርላንድ ጦር ሐኪም ነው። ዘዴው ጥሩ ቢሆንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ደም በሚገባ አይዘዋወርም ማለት ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ይህንኑ አደጋ አጥብቆ የሚያስርም ወጌሻ ሊያመጣው ይችላል። ወለምታን አሽቶ የሚመልስ ብልህ ወጌሻ በየአገሩ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደም ተከልክሎ ሥጋው እንደሚሞትና እግሩ እስከ መቈረጥ እንደሚደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። እኛም በሦስተኛው ሳምንት ይህ ፈተና ደርሶብናል። ለመጠየቅ የመጡ የሰፈር ሽማግሌዎች «ይህ ጀሶ ልጁን አመነመነው፤ ይፈታና ወጌሻ ይየው» ብለው አጥብቀው ስለ መከሩ አባታችን ማመንታት ጀመሩ። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ወደ በኋላ እንናገራለን።

2ኛ፤ የቤተ ሰብ እንክብካቤና ጉዳቱ

የእናት ቤት ለበሽተኛ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው። ሾርባው፣ አጥሚቱና የጎረቤቱ «እግዜር ይማርህ» አያቋርጥም። ይሁን እንጂ እንክብካቤ ሲበዛ ሰውን ያሰንፋል። እኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ስልካችንን ይዘን ከመተኛት በቀር ምንም አልሠራንም። ጓደኞቻችን ፈተና ሲፈተኑ እያሰብን ጠባያችን ከፋ። አንድ ቀን ታናሽ እኅታችን ውኃ ይዛ ስትመጣ ዘገየሽ ብለን ጮኽንባት፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ እያለቀሰች ወጣች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን ሳትገልጥ እኛን ስታገለግል ሁለት ሳምንት መቆየቷን ልብ ያልነው ያን ጊዜ ነው።

እናታችን አልተቈጡም። አንድ ሰፌድ ጥጥ አምጥተው አልጋው ላይ አኖሩና «ልጄ፣ የተሰበረው እግርህ ነው፤ እጅህን ማን ያዘው?» አሉን።

በዚያ ቀን ጥጥ ፈለቀቅን፤ ከሳምንታት በኋላ ቀና ብለን መቀመጥ ስንችል ደግሞ ባዘቶውን ይዘን እንዝርት ማሾር ተማርን። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ እንዝርቱን ብርድ ልብስ ውስጥ እንደብቅ ነበር። አንዲት አክስታችን ይህን ባዩ ጊዜ ሥቀው «ምነው የዩኒቨርሲቲውን ልጅ ፈታይ አደረግሽው?» ቢሉ፣ እናታችን «ሸማው ሲለበስ ማን እንደ ፈተለው አይናገርም» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲያ አልደበቅንም። የመጀመሪያው ክራችን ግን ወፍራምና ቋጠሮ የበዛበት ስለ ነበር ለጧፍ እንጂ ለልብስ አይሆንም ተባለ።

3ኛ፤ የሥራ አመራረጥ

ለበሽተኛ የሚሆን ሥራ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል ብለን እናምናለን። ሀ/ ሐኪሙ የፈቀደውን አቀማመጥ የማያፈርስ፤ ለ/ በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ፤ ሐ/ በየቀኑ የሚታይ ውጤት ያለው፤ መ/ ከቤተ ሰቡ አንዱን የሚጠቅም ወይም የሚያስደስት። ሕመም ሲጀምር ሥራውን ማቆም ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሙ ያዘዘውን የጣትና የጭን እንቅስቃሴ መርሳት አይገባም፤ ያልሠራ ጡንቻ ቶሎ ይመነምናልና።

እግር በትራስ ከፍ ብሎ በሚሰነብትበት በመጀመሪያው ጊዜ የሚስማማው የጽሕፈት ሥራ ነው። እኛ አንድ ባዶ ደብተር ይዘን እስከ ሰባት ቤት ያለውን የዘር ሐረጋችንን ከአባታችን አፍ መጻፍ ጀመርን። አባታችን ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ስም በተጠየቁ ቍጥር ታሪኩ ይከተላል። አንድ ማታ ስለ አያታችን ስንጠይቃቸው፣ አያታችን በወጣትነታቸው ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው እንደ ተሰበረ፣ በቀርከሃ ተጠፍሮ ከታሰረ በኋላ ከጕልበት በታች ጠቍሮ እንደ ተቈረጠ፣ እስኪሞቱም ድረስ በምርኩዝ እንደ ኖሩ ነገሩን። ይህን ተናግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ጀሶውን የሠራው ይየው» አሉ። በማግሥቱ ስንሄድ እብጠቱ ጐድሎ ጀሶው ስለ ላላ በአዲስ ተቀየረ። የወጌሻው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ጊዜ ለማሳለፍ የጀመርነው ደብተር እግራችንን አተረፈልን ብንል ማጋነን አይሆንም።

መቀመጥ በሚቻልበት በሁለተኛው ጊዜ ከፈትሉ ሌላ ለእኅታችን ከዋንዛ እንጨት የገበጣ ሰሌዳ ፈለፈልን። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጕድጓድ፣ በያንዳንዱም አራት አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው አርባ ስምንት ጠጠር ይይዛል። ከጩኸታችን በኋላ ለብዙ ቀን ያኰረፈችን እኅታችን የታረቀችን በዚህ ሰሌዳ ላይ አሸንፋን ነው። በክራንች በምንሄድበት በሦስተኛው ጊዜ ድንች መላጥና ቡና መቍላት የኛ ተራ ሆነ።

ይህ ለኛ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ፍሪዳ ካሎ የተባለችው የሜክሲኮ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 በአውቶቡስ አደጋ ክፉኛ ተሰብራ በተኛች ጊዜ፣ እናቷ ተኝታ የምትሥልበት ማስደገፊያ አሠርተውላት ሠዓሊነትን የጀመረችው በዚያ አልጋ ላይ ነው። የኛው አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1970 በዚያው ስፍራ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳድሯል። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ሥራንና ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርገውት ነበር። የአበበ እግር አልተመለሰም፤ እጁ ግን ሥራ አላጣም።

በመጨረሻ፣ እኛ ወደ ትምህርታችን የተመለስነው አንድ መንፈቅ ዘግይተን ነው፤ የግራ ባታችንም ከቀኙ እንደ ቀጠነ አለ። የፈተልነው ልቃቂት ከእናታችን ፈትል ጋር ለሸማኔ ተሰጥቷል፤ ለድር ባይሆንም ለማግ ይሆናል ተብሏል።

እናንተም ጓደኞቻችን፣ ከመካከላችሁ አንዱ ተሰብሮ ቤት ቢውል ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የክፍል ማስታወሻውን ውሰዱለት፤ ከዚያም እንዲገለብጥላችሁ ወይም እንዲያርምላችሁ አንድ ሥራ ስጡት። ተኝቶ ሳለ የሚፈልገው ሰው መኖሩን ያውቅ ዘንድ ነው።