ኮምፒውተሩ አህያን ፈረስ ሲል

ደረት ላይ የታሰረ ወይም ሄልሜት ላይ የተገጠመ ካሜራ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ካነሳ፣ በ8 ሰዓት ውሎ 960 ፎቶ ይዞ ይገባል። መርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን መስኖ 5 ቀን የዞረ የግብርና ባለሙያ 4,800 ፎቶ ይቆልላል ማለት ነው። ያን ሁሉ በዓይን አይቶ የሚጨርስ የለምና ሥራው ለኮምፒውተር ይሰጣል። ነገሩ የተሞከረ ነው፤ ዩጋንዳዊቷ ካትሪን ናካሌምቤና ባልደረቦቿ በምሥራቅ አፍሪካ በሞተረኞች ሄልሜት ላይ ካሜራ ገጥመው የመንገድ ዳር ሰብል አስነስተዋል፤ ፎቶው የሳተላይትን ምስል ማረጋገጫ ሆኗቸዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱን ያስተካክሉ። ካሜራው 9:00 ሲል የእርስዎ ደብተር 3 ሰዓት ይላል፤ ቀኑም አይገጥምም። ማታ ፎቶውን ከደብተሩ ሲያዛምዱ የአንዱ ማሳ ፎቶ ለሌላው ገበሬ ይሰጣል። መላው ቀላል ነው፤ ጠዋት ሲወጡ የስልክዎን ሰዓት በካሜራው ያንሱት። ልዩነቱ በዚያች ፎቶ ይታወቃል።

ከዚያ ፎቶ ውስጥ ያለውን የሚለይ ፕሮግራም፣ ማለትም ዝግጁ ሞዴል ይሞክሩ፤ አይመኑት እንጂ። ኮኮ በተባለው የታወቀ የፎቶ ስብስብ የሠለጠነ ሞዴል የሚለየው 80 ዓይነት ነገር ብቻ ነው። የሜዳ አህያ አለበት፤ የእኛ አህያ የለችም። ፒዛ አለ፣ እንጀራ የለም፤ ብሮኮሊ አለ፣ ጤፍ የለም። ድንች የጫነችውን አህያ ፈረስ ቢላት አይገረሙ፤ አላስተማርነውም። ጥቂት መቶ ፎቶ መርጠው በእጅዎ ስም ይስጡና በዚያ እንደገና ያሠልጥኑት። ስሙንም በግምት አይጻፉ። ስንዴና ገብስ ቡቃያ ሳሉ በፎቶ ባለሙያን ያምታታሉ፣ የዘራውን ገበሬ ግን አያምታቱትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የሠለጠነውን ሞዴል ሲፈትኑ ነው። በ30 ሰከንድ ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች መንታ ናቸው፤ በአንዱ አሠልጥኖ በሌላው መፈተን ለተማሪ መልሱን ሰጥቶ እንደመፈተን ነው። የአንድ ቀበሌን ፎቶ በሙሉ ሳይነኩ ለፈተና ያቆዩ። ውጤቱ ይወርዳል፤ ለአለቃዎ የሚነግሩት ግን ያንኑ ነው።

ሰው በፎቶው መግባቱ አይቀርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለና ፈቃድ ይጠይቁ፣ ፊት የሚያደበዝዝ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ሰው ቤት ሲገቡ ካሜራውን ያጥፉት። ቦዩ ዳር ገላቸውን የሚታጠቡ ካሉ ደግሞ ገና ሳይደርሱ ያጥፉት።