ቴሌስኮፕን ስለ ማቃናትና ስለ መጠበቅ

ቴሌስኮፕ ማለት ዓይን ብቻውን የማይደርስበትን የሰማይ ብርሃን ሰብስቦና አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ብርሃኑን በብርጭቆ ምስሪት ያሳልፋል፥ ሁለተኛው በመስተዋት ይመልሳል። በመስተዋት የሚያሳየውን ሠርቶ ለሥራ ያበቃው እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1668 ነበረ። ዛሬም ለትምህርት ቤት በዋጋ የሚረክሰውና ለመጠገን የሚቀለው ይኸው የኒውተን ዓይነት ስለ ሆነ፥ ይህ ትምህርት ስለ እርሱ ብቻ ይናገራል።

መምህሩ ተማሪዎቹን በሌሊት ሰብስቦ መሣሪያውን ወደ ጁፒተር ያዞራል፤ የፕላኔቱ መቀነቶች ተለይተው መታየት ሲገባቸው ተደባልቀው ይታያሉ። ኮከብም ነጥብ መሆን ሲገባው እንደ ጅራታም ኮከብ ወደ አንድ ወገን ይጐተታል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ብልሹ ነው ተብሎ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ወይም ጥፋቱ የአቧራ ነው ተብሎ መስተዋቱ በጨርቅ ይታሻል። የፊተኛው ፍርድ መሣሪያውን ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል፥ የኋለኛው ግን ፈጽሞ ያጠፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ የጐደለው የሩብ ሰዓት ማቃናት ብቻ ነው።

በቧንቧው ግርጌ ዋናው መስተዋት ተቀምጧል፤ ፊቱ በመጠኑ ጐድጓዳ ስለ ሆነ የሚገባውን ብርሃን ይሰበስባል። በቧንቧው አፍ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት በ45 ዲግሪ አጋድላ ቆማ ብርሃኑን ወደ ጎን ትመልሳለች። በዚያ በኩል የዓይን ምስሪት የሚገባበት አጭር ማያ ቧንቧ አለ። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ካልተያዩ ምስሉ ይበላሻል። ሁለቱ መስተዋቶች ከጀርባቸው ባሉ ሦስት ሦስት ብሎኖች ይቃናሉ፤ መሣሪያው በጭነት ተጕዞ የመጣ እንደ ሆነ ብሎኖቹ ሳይላወሱ አይቀሩም።

ሥራው በቀን ይጀመራል። ከሁሉ አስቀድሞ የቧንቧው አፍ ወደ ፀሐይ እንዳይዞር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ መሣሪያ ፀሐይን ያየ ሰው በቅጽበት ዓይኑን ሊያጣ ይችላልና፥ ቧንቧው ተከፍቶ ያለ ጠባቂ በልጆች መካከል አይተውም። ቧንቧው በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ነጭ ግድግዳ እንዲመለከት ይደረጋል፤ መጋደሙም ካቻቪቴ ከእጅ ቢያመልጥ በዋናው መስተዋት ላይ እንዳይወድቅ ነው። ለማያው ቧንቧ ልክ የሚሆን ክዳን ተፈልጎ በመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ በዚያ የሚያይ ዓይን ከመካከል አይወጣም። በዋናው መስተዋት እምብርት ላይም ትንሽ የወረቀት ቀለበት ይለጠፋል። ይህ ስፍራ በትንሿ መስተዋት ጥላ ሥር ስለሚውል ቀለበቱ ማየትን አይጎዳም፤ ከፋብሪካ ተለጥፎ የሚመጣም አለ።

በቀዳዳው ሲታይ መጀመሪያ ትንሿ መስተዋት ክብ ሆና በማያው ቧንቧ መካከል መገኘት አለባት። ቀጥሎ የዋናው መስተዋት ክብ፥ ጠርዙን የያዙት መያዣዎች ሳይቀሩ፥ በእርሷ ውስጥ ሙሉ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ሦስቱ ብሎኖቿ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራሉ። አንዱን ሳያላሉ ሌላውን ማጥበቅ አይገባም፤ በግድ የጠበቀ ብሎን መስተዋቷን ያጣምማል። በመጨረሻ አንዱ ተማሪ በቀዳዳው እያየ ሌላው የግርጌውን ብሎኖች ያዞራል፤ የቀዳዳው ምስል በወረቀቱ ቀለበት መካከል በገባ ጊዜ የቀኑ ሥራ ተፈጸመ። ብርሃን ከመስተዋት እንዴት እንደሚመለስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አይገኝም። ቧንቧው አጭር በሆነ መሣሪያ የትንሿ መስተዋት ጥላ በጥቂት ወደ አንድ ወገን ያደላ ቢመስል ይህ ጉድለት አይደለም።

ዳኛው ግን ኮከብ ነው። ከሞቀ ክፍል ወደ ደጋ ብርድ የወጣ መስተዋት በላዩ ያለውን አየር ስለሚያናውጥ፥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውጭ ይቈያል። ከዚያ በኋላ መካከለኛ ብርሃን ያለው ኮከብ በብዙ በሚያጐላ ምስሪት ይያዛል። ምስሪቱ ምስሉ ከሚጠራበት ስፍራ ጥቂት ወጣ ሲል ኮከቡ ሰፍቶ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። ቀለበቶቹ የመካከሉን ጥላ እኩል ከከበቡት መሣሪያው ቀንቷል፤ ወደ አንድ ወገን ከተጨናነቁ የዋናው መስተዋት ብሎን በጣም በጥቂቱ ዞሮ፥ ኮከቡ ወደ መካከል ተመልሶ፥ ዳግመኛ ይታያል።

የአውሮጳ መጻሕፍት ለዚህ ሥራ የሰሜንን ኮከብ ይመርጣሉ፤ ከስፍራው እምብዛም አይንቀሳቀስምና። በለንደን ከአድማስ 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል ምክሩ መልካም ነው። በአዲስ አበባ ግን ከፍታው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በምድር አጠገብ ያለው ወፍራም አየር ያርገበግበዋል። በኢትዮጵያ ከራስ በላይ የወጣ ኮከብ ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ ከዓይን ቢያመልጥም እየመለሱ ማየት ነው።

የኒውተን መስተዋት ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ስለ ነበረ ቶሎ ይጠቍር ነበር። ዊልያም ኸርሸል በ1789 ለፈጸመው 40 ጫማ ቧንቧ ላለው መሣሪያ ሁለት መስተዋቶች ነበሩት፥ አንዱ ሲወለወል ሌላው እንዲሠራ። እንዲህም ሆኖ አብዛኛውን ምርመራውን የፈጸመው በትንሹ በ20 ጫማው ነው። የዛሬው መስተዋት ብርጭቆ ሆኖ በአሉሚኒየም የተለበጠ ነው። በቤት መስተዋት ልባሱ ከብርጭቆው ጀርባ ነው፥ በቴሌስኮፕ ግን ከፊቱ ነው፤ ውፍረቱም የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሺሕኛ ያህል ነው። ደረቅ ጨርቅ አቧራውን እየጐተተ ይህን ልባስ ይፍቀዋል፤ ጭረቱም አይመለስም። ጥቂት አቧራ ግን ከብርሃኑ የሚቀንሰው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፥ መታገሥ ይሻላል።

ማጠብ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ይኸውም ከዓመታት አንድ ጊዜ፥ የሚያጥበው ሰው ቀለበቱን ከጣቱ ያወልቃል፤ መስተዋቱም ከማቀፊያው ወጥቶ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ አቧራው ይታጠባል። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ባለበት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ንጹሕ ጥጥ ሳይጫኑት በክብደቱ ብቻ በፊቱ ላይ ይሳባል፤ አንድ ጊዜ የተሳበ ጥጥ ይጣላል። በመጨረሻ ነጭ ጨው እንዳይቀርበት በተነጠረ ውሃ ተለቅልቆ በጠርዙ ቆሞ ይደርቃል።

በክረምት መሣሪያው ከወጥ ቤት ጢስ ርቆ በደረቅ ክፍል ይቀመጣል። ጤዛ የያዘው መስተዋት ሳይደርቅ መክደን ሻጋታን ይጠራል። ልባሱ በዘመን ብዛት ያለቀ እንደ ሆነ መስተዋቱ አይጣልም፤ ብርጭቆው ካልተሰነጠቀ ዳግመኛ ይለበጣል። ከመታጠብም ሆነ ከመለበጥ በኋላ ወደ ስፍራው ሲመለስ ማቃናቱ ከመጀመሪያው ይደገማል።