የፖም ዛፍ በሽታን የመቋቋም ኃይል እንደሚወርስ

ልጅ መልኩንና ቁመቱን ከአባቱና ከእናቱ እንደሚወርስ፤ ተክልም እንዲሁ ጠባዩን ከወላጆቹ ይወርሳል። የፍሬው ጣዕም፤ የቅጠሉ ቅርጽ፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም በዘር ይተላለፋል። ይህን ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያደርሰው እጅግ ረቂቅ የሆነው የውርስ ክፍል በሊቃውንት ዘንድ ጂን ይባላል።

፩ ስለ በሽታው

ፖምን ከሚጎዱት በሽታዎች ዋነኛው የፖም እከክ ነው። የሚያመጣውም ቬንቱሪያ ኢነኳሊስ የተባለ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ የብርዱን ወራት በወደቀ ቅጠል ውስጥ ያሳልፋል፤ በጸደይ ዝናም ሲዘንብ ብናኙ ተነሥቶ በለጋው ቅጠል ላይ ያርፋል። ከዚያም ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ፍሬውም እየቆሰለ ይሰነጠቃል፤ ለገበያ አይሆንም። ስለዚህ በዝናማም አገር የሚኖር የፖም ገበሬ በየዓመቱ ደጋግሞ መድኃኒት መርጨት ግድ ይሆንበታል።

፪ ኃይሉ ስለ ተገኘበት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ክራንዳል የተባለ መምህር፤ ማሉስ ፍሎሪቡንዳ የሚባለውን ፍሬው እጅግ ትንሽ የሆነ የእስያ ፖም ሮም ቢዩቲ ከተባለው ትልቅ ፖም ጋር አዳቀለ። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ሐፍ የተባለ ሊቅ፤ ከዚህ ዘር ከተገኙት ዛፎች አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻቸው በእከክ ሲጎዱ እነርሱ ንጹሐን ሆነው መቆማቸውን አስተዋለ።

እነዚህም ዛፎች ከትልልቅ ፖሞች ጋር እንደ ገና ተዳቀሉ። ኃይሉን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ዛፍ ኃይሉ ከሌለው ዛፍ ጋር ሲዳቀል፤ ከችግኞቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ስለዚህ በየትውልዱ የታመሙት እየተነቀሉ፤ ከንጹሐኑም ፍሬያቸው የተሻለው እየተመረጠ ተተከለ። እንዲህ ሆኖ ፕሪማ የተባለው ፖም በ1970 ዓ.ም. ለገበሬዎች ተሰጠ።

፫ ኃይሉ ስለሚሠራበትና ስለሚሸነፍበት

ይህ ጂን ለዛፉ እንደ ዘበኛ ነው። ፈንገሱ ወደ ቅጠሉ ሲገባ ምልክቱን ያውቃል፤ ቅጠሉም በዚያ ስፍራ ራሱን ዘግቶ በሽታውን ያግዳል። ነገር ግን ፈንገሱም ልጆች ይወልዳል፤ ምልክቱ የተለወጠበት ልጅ ከተገኘ ዘበኛው ሳያውቀው ያልፋል። በ1980ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር እንዲህ ያለ ፈንገስ ተገኘ።

የፖም ዛፍ የሚራባው ቅርንጫፉን ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ ስለሆነ፤ የአንድ ዓይነት ዛፎች ሁሉ ጂናቸው አንድ ነው። ስለዚህ አንዱን ያሸነፈ ፈንገስ ሁሉንም ያሸንፋል። በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ዲጋሉ የተባለው ስንዴ በባሌ በአዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በብርቱ የተጎዳው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሊቃውንት በአንድ ዛፍ ውስጥ ሁለትና ሦስት ልዩ ልዩ ጂኖችን ለማስገባት ይደክማሉ፤ አንዱ ዘበኛ ቢታለል ሌላው እንዲነቃ ነው። አስተዋይ ገበሬም ልዩ ልዩ ዓይነት ይተክላል፤ የወደቀውንም ቅጠል ጠርጎ ያስወግዳል።

ጥያቄ
፩ የፖም እከክ የብርዱን ወራት የት ያሳልፋል?
፪ ከ100 ችግኞች 50 ያህሉ ብቻ ኃይሉን የሚወርሱት መቼ ነው?
፫ እርሻን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር መሸፈን ስለምን አደጋ አለው?