ሊዲያን ከመላእክት መንደር አውጫት

እስቲ ወንበርሽን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊና ረቂቅሽን አብረን እናንብበው። አማርኛሽ ጥሩ ነው፤ ንግግሮቹም ይፈስሳሉ። እኔን የምታሳስበኝ ዋና ባለታሪክሽ ሊዲያ ናት። ማለዳ ተነስታ ትጸልያለች፤ ቀኑን ካርድ ክፍል ስትሠራ ውላ ማታ ኳየር ትለማመዳለች። አለቃዋ ሲያመናጭቃት ፈገግ ትላለች፤ እናቷ ስትነዘንዛት ጉንጯን ትስማታለች። የምትወደው ያሬድ ሲመጣ ልቧ ይደነግጣል፣ ወዲያው ትጸልያለች፣ ወዲያውም ሰላም ይሰማታል። የኔ እናት፣ እንዲህ ያለች ሴት ታውቂያለሽ? መጽሐፍሽን ታክሲ ሰልፍ ላይ ገልጣ የምትቆመው ልጅም አታውቃትም። ታደንቃት ይሆናል፤ አትጨነቅላትም። ካልተጨነቀችላት ደግሞ ታክሲው ሲመጣ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትረሳዋለች።

በቅድሚያ ይህቺ አንባቢ ምን ብላ እንደምትገዛሽ እንነጋገር። የመንፈሳዊ ፍቅር ልብ ወለድ የምታነብ ሴት ገና ሽፋኑን ስታይ መጨረሻውን ታውቃለች። ሁለቱ ይጋባሉ፣ እምነታቸው ይጸናል፣ የመኝታ ቤቱ በር ለአንባቢ አይከፈትም። አሜሪካ ውስጥ ይህንን ዘውግ የሚያሳትሙ ቤቶች፣ በ1997 የተጀመረው የሃርለኩዊን ለቭ ኢንስፓየርድም ጭምር፣ ከደራሲዎቻቸው የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ይህን እንደ ሰንሰለት አትዪው። ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ የዋለች ሴት ማታ መልካም ፍጻሜ ፈልጋ መጽሐፍ ብትከፍት መብቷ ነው።

አንቺ ግን የምትጽፊው በአማርኛ ነውና አንድ ነገር አትርሺ። እኛን ያሳደገን ፍቅር እስከ መቃብር ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን ያነበበ ሰው ታላቅ ፍቅር በሞት ካልተዘጋ ታላቅ አይመስለውም። አንቺም ምዕራፍ ሃያ ላይ ያሬድን በመኪና አደጋ ለመግደል ያሰብሽው ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። አሳዛኝ ታሪክ መጻፍ ትችያለሽ፤ ያ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። በሽፋኑ የሠርግ ተስፋ ሰጥተሻት በመጨረሻው ምዕራፍ ለቀብር አትጥሪያት።

መጨረሻው ከታወቀ ታዲያ አንባቢን ሌሊቱን የሚያስቀምጣት ምንድን ነው? ባለታሪኳ እዚያ እስክትደርስ የምትከፍለው ዋጋ ነዋ! ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በ1979 ያሳተመችውን «ለቭ ከምስ ሶፍትሊ» ተመልከቺ። በአሜሪካ ለዚህ ዘውግ መንገድ ከጠረጉት መጻሕፍት አንዱ ነው። ማርቲ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ባሏ ይሞትባታል። መጠለያ ስለሌላት ክላርክ የሚባል የማታውቀውን ሰው ታገባለች፤ እሱም የሚፈልጋት እናት የሌላትን ሕፃን ልጁን እንድታሳድግለት ነው። ማርቲ ስትጀምር ጸሎት አታውቅም፤ ወጥ ቤቱ ያሸንፋታል፣ ሕፃኗ ታስቸግራታለች፣ ሰውየውን ማየት ያስጠላታል። ያም ሆኖ ከመጀመሪያው ገጽ ከእሷ ጋር ነን። ሐዘኗ እውነት ነው፤ ማፈሯም እውነት ነው። ፍቅሩም እምነቱም ቀስ ብለው ሲመጡ እናምናቸዋለን፤ ምክንያቱም አንዲት ቀን እንኳ ሳትዘለልብን አብረናት ኖረናል።

አሁን ወደ ሊዲያ እንመለስ። «ወዲያው» የሚለውን ቃል ከዚህ ገጽ አውጪው። ጸልያ መልስ ያጣችበት ሳምንት ይኑራት። ጓደኛዋ ስትታጭ እልል ብላ፣ ቤቷ ገብታ የምትቀናበት ማታ ይኑራት። ጥፋቷም ሰው የሚጎዳ ይሁን። «በጣም ደግ ስለሆነች ሰው ያታልላታል» የሚለው ጥፋት አይደለም፤ ሌላ የምስጋና ዓይነት ነው። በቅናቷ የጓደኛዋን ምስጢር ለአንድ ሰው ብትናገርስ? ያኔ ንስሐ መግባቷ ክብደት ይኖረዋል፤ ይቅርታ መጠየቅም ያስፈራታል።

«ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች ምን ይላሉ? ለወጣቶች ምሳሌ መሆን አለባት» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያንን ፍርሃት አከብረዋለሁ። ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሴቶቹን እንዴት አድርጎ እንዳሳየን አስቢ። ሣራ የተስፋውን ቃል ሰምታ ሳቀች፣ በኋላም አልሳቅሁም ብላ ካደች። ርብቃ ባሏን አታለለች። ሐና ከልቧ ምሬት የተነሣ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ማንም እነዚህን ሴቶች ለምሳሌነት አይበቁም አላለም። ወጣቶቻችንን የሚያንጻቸው የወደቀች ሴት እንዴት እንደተነሣች ማየት ነው። ወድቃ የማታውቅ ሴት የምታስተምራቸው ራሳቸውን መደበቅ ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ያሬድ ነው። በአንቺ ረቂቅ ያሬድ የሚያምነው ሊዲያን ስለወደደ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በአውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ እንዲሁ ነው የሚያልቀው። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ በወንድ ልብስ ትንከራተታለች፤ በመጨረሻም አረመኔ የነበረው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል። ለዚያ ዘመን ታሪክ ያምርበታል። የዛሬዋ አንባቢሽ ግን እጮኛ ለማግኘት ሲል ቤተ ክርስቲያን መምጣት የጀመረ ሰው በዓይኗ አይታለች፤ ከሠርጉ በኋላ ወንበሩ ባዶ ሲሆንም አይታለች። ስለዚህ ያሬድ ሊዲያ እንደማታገባው ካወቀ በኋላም በእምነቱ ሲቆይ አሳያት። ያኔ ብቻ ነው ልቧ የሚያርፈው።

ለሊዲያም ያው ነው። ፍራንሲን ሪቨርስ በ1991 ያወጣችው «ሪዲሚንግ ለቭ» የነቢዩ ሆሴዕንና የጎሜርን ታሪክ በወርቅ ቁፋሮ ዘመን ወደነበረችው ካሊፎርኒያ የወሰደ ነው። በልጅነቷ ወደ ሴተኛ አዳሪነት የተሸጠችው ኤንጀል ያገባትን ሚካኤልን እየተወች ደጋግማ ትሄዳለች። መጀመሪያ እየሄደ ያመጣት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተከትሎ አይፈልጋትም። ወደ እሱ የምትመለሰው ከእሱ ርቃ እምነቷን የራሷ ካደረገች በኋላ ነው። ባሏ አዳኟ እንዳይሆን ደራሲዋ ያደረገችው ጥንቃቄ የመጽሐፉ ጉልበት ነው። ሩትም ብትሆን ምርጫዋን የመረጠችው ከኑኃሚን ጋር በመንገድ ላይ ነው፤ ቦዔዝን ገና አላየችውም ነበር። አንቺም ይህን ቅደም ተከተል ጠብቂ።

አሁን ደግሞ የወደድኩትን ልንገርሽ። ያ አገልጋይ ወንድም መጥቶ «ጌታ ተናግሮኛል፣ የትዳር አጋሬ አንቺ ነሽ» የሚላት ክፍል። ስንቷ እህታችን ይህንን ሰምታ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራለች! አንቺ ግን በአንድ አንቀጽ አለፍሽው፤ ሊዲያ በትሕትና «እጸልይበታለሁ» ብላ ሄደች። እዚህ ጋ ቁሚ። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 በጄን ኤር ውስጥ ይህንኑ ትዕይንት ሰፊ ቦታ ሰጥታዋለች። ወደ ሕንድ ለሚስዮን የሚሄደው ቄስ ሴንት ጆን ጄንን ሳይወዳት ለሥራው ሚስት ትሆነው ዘንድ ይጠይቃታል፤ እሱን እምቢ ማለትም አምላክን እምቢ እንደማለት አድርጎ ያቀርብላታል። ጄን ልትሸነፍ ትደርሳለች፣ ግን አታገባውም። መልኳ የማያምር፣ ገንዘብ ያልነበራት ያቺ አስተማሪ እስከ ዛሬ የምትወደደው እግዚአብሔርን እየፈራች ሰውን እምቢ ማለት ስለቻለች ነው። ሊዲያም እንዲህ ትታገል። ሰውየውን መጥፎ አታድርጊው፤ ከልቡ ያመነ ይሁን። ሽማግሌዎቹም ይደግፉት፤ እናቷም «ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣልሻል» ትበላት። የራሷን ድምፅ ከእግዚአብሔር ድምፅ ለመለየት ትቸገር፤ እንደተቸገረችም እምቢ ትበል፤ ከዚያም ኳየር ውስጥ ዝምታው ይጠብቃት።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተይው። ነገ ስትቀመጪ ይህቺን እምቢታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፊያት፤ ምን እንደለበሰች፣ እጇን የት እንዳደረገች፣ የትኛው ቃል አፏ ላይ እንደቀረ። በማግስቱ ለሥራ ስትነሳ የጸለየችውን፣ ወይም መጸለይ ያቃታትን ጨምሪ። ያሬድ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ብቅ እንዳይል፤ ሊያድናት የሚመጣ ሰው አያስፈልጋትም። እሱን ካለቀሽ አምጪልኝና እንደገና አብረን እናነበዋለን። ሊዲያ ከዚያ ክፍል በእግሯ ከወጣች ሠርጉን ስትጽፊው አንባቢሽ ከልቧ እልል ትልላታለች።